ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት የዲስኩ ክፍፍል በወረቀት ይስፈር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ መሥሪያ ቤቶችና ኮሌጆች ለሰርቨር ሶፍትዌር ፈቃድ የሚያወጡትን ገንዘብ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና በመጠቀም ማዳን እንደሚችሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። በሐሳቡ እስማማለሁ። በምሥራቅ ጎጃም በሰርቨር ተከላና ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ በአግባቡ የተተከለ ሊኑክስ ያለ ምንም የፈቃድ ክፍያ ለዓመታት ሲያገለግል አይቻለሁ። ቅር ያሰኘኝ ጽሑፉ ተከላውን ፍላሽ ሰክቶ የሚመጡትን ጥያቄዎች እሺ እያሉ ማለፍ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከእነዚያ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በርግጥ ቀላል ናቸው፤ የሰርቨሩ ስም፣ የይለፍ ቃሉ፣ የሰዓት ክልሉ በኋላ በደቂቃ ውስጥ ይለወጣሉ። ዲስኩ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አንድ ጊዜ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ክፍፍሉን ማስተካከል አገልግሎት ማቆምን፣ መረጃን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥንና ብዙ ጊዜም እንደ አዲስ መጫንን ይጠይቃል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ውሳኔው የጫኚው ባለሙያ የግል ምርጫ ሆኖ መቅረቱ ትክክል አይደለም፣ የሰርቨሩ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ በወረቀት ሊያሰፍረውና በርክክብ ጊዜ ሊያረጋግጠው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

የዴቢያን (የአንድ የሊኑክስ ዓይነት) መጫኛ ፕሮግራም ዲስኩን ራሱ እንዲከፋፍል ሲጠየቅ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች አንዱ ሁሉንም ፋይል በአንድ ፓርቲሽን ማለትም በአንድ የዲስክ ክፍል ማድረግ ነው፤ ከጎኑም ለአዲስ ተጠቃሚዎች የሚመከር መሆኑን ይገልጻል። ሌሎቹ ምርጫዎች የተጠቃሚዎችን ማኅደር ማለትም ሆምን፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚለዋወጠው መረጃ የሚቀመጥበትን ቫርንና ጊዜያዊ ፋይሎች የሚያርፉበትን ቴምፕን ለየብቻ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ምርጫ ሊኑክስን በቤቱ ላፕቶፕ ለሚለማመድ ተማሪ ጥሩ ምክር ነው። የአንድ ወረዳ ሕዝብ ለሚገለገልበት ሰርቨር ግን የተጻፈ አይደለም፤ ያም ሆኖ ለጥገና ከተጠራሁባቸው ሰርቨሮች ብዙዎቹ የተተከሉት በዚሁ መንገድ ነው።

የዚህ ውጤት ምን እንደሚመስል አንድ ጉዳይ ልጥቀስ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሰርቨሩ ቆመ ተብሎ ስጠራ ባለጉዳዮች በኮሪደሩ ተሰልፈው፣ ሠራተኞቹ የይለፍ ቃላቸውን ደጋግመው እያስገቡ፣ ፕሮግራሙ ግን አልከፈት ብሎ ነበር። ማሽኑ አልተበላሸም፤ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ማራገቢያው ይዞራል። የዲስክ ይዞታን የሚያሳየውን የዲኤፍ ትእዛዝ ስሰጥ ሩት የተባለው፣ ሁሉን የያዘው ብቸኛ ፓርቲሽን 100 በመቶ ሞልቷል። የሞላው በመሥሪያ ቤቱ መረጃ ቢሆን ባልገረመኝ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ግን ከዲስኩ እጅግ ትንሹን ነበር የያዘው። ቀሪውን የበላው ከኔትወርኩ ተነቅሎ ማንም ያልሰረዘውን አንድ ፕሪንተር ሲፈልግ ያጣው አገልግሎት፣ ያንኑ የስሕተት መልእክት ያለ እረፍት እየደጋገመ የጻፈበት የሎግ ማለትም የክንውን መመዝገቢያ ፋይል ነው። ዳታቤዙ አዲስ መዝገብ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ስላጣ ሥራውን አቆመ። ለዘር የሚያስቀምጠውን ጤፍ ከሚበላው ጋር በአንድ ጎተራ የሚጨምር የጎጃም ገበሬ የለም፤ እኛ ግን የሕዝብ መረጃንና የፕሪንተር እሮሮን በአንድ ላይ እናከማቻለን።

እዚህ ላይ ቫርን ከሩት መለየት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሎጎቹም ሆኑ የማሪያዲቢና የፖስትግሬስ ዳታቤዞች በተለመደው አቀማመጥ የሚገኙት ቫር ውስጥ ስለሆነ፣ ቫር ሲሞላ ሥርዓተ ክወናው ቢተርፍም ዳታቤዙ ይቆማል። ስለዚህ ሎግ ለብቻው፣ ዳታቤዝ ለብቻው ሊቀመጥ ይገባል። እንዲህ ቢደረግ ኖሮ ከላይ በጠቀስኩት መሥሪያ ቤት ሎጉ የራሱን ክልል ሞልቶ ይቆም ነበር እንጂ ባለጉዳይ አይጉላላም ነበር። ሌላም ጥቅም አለ። ቴምፕን የመሳሰሉ ማንም ሊጽፍባቸው የሚችሉ ቦታዎች የራሳቸው ፓርቲሽን ሲኖራቸው፣ በዚያ የተቀመጠ ፋይል እንደ ፕሮግራም እንዳይነሣ በአንድ ቃል መከልከል ይቻላል፤ ለሰርጎ ገቦች ይህ ቀላል የማይባል መሰናክል ነው። ሥርዓተ ክወናውን ወደ አዲስ ዕትም መቀየር ሲያስፈልግም ሩትን ብቻ አጽድቶ መረጃውን ሳይነኩ መጫን ይቻላል።

የተገላቢጦሽ ችግርም አለ፤ ዲስኩ ሳይሞላ ሞላ የሚባልበት። ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በተለመደው አጫጫኑ ዲስኩን በኤልቪኤም፣ ማለትም የክፍሎችን መጠን በኋላ ለመለወጥ በሚያስችለው አሠራር ያደራጅና፣ ቦታው ከ200 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ለሩት 100 ጊጋባይት ብቻ ሰጥቶ የቀረውን ሳይመድብ ይተወዋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ያልተመደበው ቦታ ለኋላ ፍላጎት ይጠባበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን 1 ቴራባይት የተገዛለት ሰርቨር በ100 ጊጋባይት ሞላ ሲለው ዲስኩ ተበላሽቷል ወይም ሻጩ አታሎናል ብሎ ይደመድማል። በአንድ ተቋም ተጨማሪ ዲስክ እንዲገዛ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ወደ ግዥ ክፍል ሊሄድ ሲል ደርሻለሁ። የቮልዩም ግሩፑን ማለትም ኤልቪኤም የሚያከፋፍለውን የጠቅላላ ቦታ ይዞታ የሚያሳየውን ትእዛዝ ስንሰጥ ከ800 ጊጋባይት በላይ ማንም ያልነካው ቦታ ተገኘ፤ ኤልቪኤክስቴንድ በተባለው ትእዛዝም ሰርቨሩ ሥራ ላይ እንዳለ፣ አንድም ሠራተኛ ሳይወጣ፣ የሚፈለገው ክፍል ሰፋ። የተከላው ዝርዝር በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ ያ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

እግረ መንገዴን ስለ አንድ የተለመደ የርክክብ ጭቅጭቅ ልናገር። ሻጭ 1 ቴራባይት የሚለው አንድ ትሪሊዮን ባይትን ነው፤ ሊኑክስ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው በ1024 እያካፈለ ስለሆነ ያው ዲስክ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። የተሰረቀ ነገር የለም። በሌላ በኩል ኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መንገድ) ሲዘጋጅ 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ብቻ ይዞ ያስቀምጣል፤ ለሩት ይህ ጠቃሚ ጥንቃቄ ሲሆን፣ መረጃ ብቻ በሚቀመጥበት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ግን 200 ጊጋባይት ያለ ሥራ ማስቀመጥ ስለሚሆን በአንድ ትእዛዝ መቀነስ ይቻላል።

ከፓርቲሽኖቹ በፊት የሚመጣው የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ነው። ኤምቢአር የሚባለው አሮጌው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ሲሆን፣ ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን አይቀበልም፤ በተለመደው ባለ 512 ባይት ሴክተርም ከ2.2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለውን ቦታ ሊጠቀምበት አይችልም። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ በኤምቢአር ማዘጋጀት ግማሹን ያህል እንደመጣል ነው። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ዓይነት እስከ 128 ፓርቲሽን የሚይዝ ሲሆን፣ የሠንጠረዡን ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር መጀመሪያው ቢጎዳ ከመጨረሻው ማንሣት ይቻላል። ዛሬ ለሚተከል ሰርቨር ሌላ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሰርቨሩ አሮጌ ሆኖ በባዮስ ማለትም በቀድሞው የማስነሻ ሥርዓት የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ለማስነሻው ግራብ 1 ሜጋባይት የምታህል ባዶ ፓርቲሽን መተው ብቻ ነው የሚጠበቀው።

የፋይል ሥርዓት ምርጫም እንዲሁ ኋላ የማይመለስ ውሳኔ አለበት። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ አቅራቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው 7ኛ ዕትሙ ኤክስኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎታል፤ በትልልቅ ፋይሎች ላይ ብርቱ የሆነ ሥርዓት ነው። ኤክስኤፍኤስ ግን ይሰፋል እንጂ አይጠብም፤ ለአንዱ ክፍል ያለ ልክ የተሰጠ ቦታ ወደ ሌላው ይዙር ቢባል መረጃውን አውጥቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ግድ ነው። ኤክስቲ4 ከሥራ ወጥቶ መጥበብ ይችላል፤ ሆኖም በዚህ ሥራ ላይ መብራት ከጠፋ ምን እንደሚከተል ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ምክሬ መጀመሪያ በልኩ መስጠትና ብዙውን ቦታ ሳይመድቡ በኤልቪኤም ማቆየት ነው፤ ማስፋት ቀላል፣ ማጥበብ ከባድ ስለሆነ። ለምሳሌ ኮሃን የመሰለ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ለሚያስተናግድ ባለ 1 ቴራባይት የኮሌጅ ሰርቨር ለማስነሻው ኢኤፍአይ ፓርቲሽን 512 ሜጋባይት፣ ለቡት (ከርነሉ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት ለሚቀመጥበት) 1 ጊጋባይት፣ ለሩት 30፣ ለስዋፕ (ለራም ማገዣ) 8፣ ለሎግ 10፣ ለዳታቤዙ 60፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ ማረፊያ 150 ጊጋባይት ሰጥቼ፣ የቀረው ከ600 ጊጋባይት በላይ የሚሆነው እንዲጠባበቅ አደርጋለሁ። ቡት ላይ መሰሰት አያስፈልግም፤ 100 ሜጋባይት ብቻ በተሰጠው ቡት ላይ አሮጌ ከርነሎች ሲጠራቀሙ ቦታው ሞልቶ ማሻሻያው መሃል ላይ ይቆማል።

መብራት ከጠፋ ስል የጠቀስኩት በእኛ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ጉዳይ ነው። ኤክስቲ3 እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤክስቲ4 ደግሞ በ2008 ወደ ሊኑክስ ሲገቡ ይዘውት የመጡት፣ ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግበው ጆርናል የተባለው አሠራር፣ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የመመርመርን ረጅም ጥበቃ አስቀርቷል። ጆርናል በተለመደው አቀማመጡ የሚጠብቀው የፋይል ሥርዓቱን መዋቅር እንጂ ሠራተኛው በዚያች ቅጽበት ሲጽፈው የነበረውን መዝገብ አለመሆኑን ግን የሥራ ኃላፊዎች ማወቅ አለባቸው፤ ዩፒኤስን የሚተካ አይደለም። ከመብራት መመለስ በኋላ ሰርቨር አልነሣ የሚልበት ሌላው ምክንያት ኤፍስታብ የተባለው፣ የትኛው ፓርቲሽን የት እንደሚገናኝ የሚዘረዝረው ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ፓርቲሽኖች በመጀመሪያው ዲስክ፣ በሁለተኛው ዲስክ ዓይነት ስም ከተመዘገቡ፣ አንድ የመጠባበቂያ ዲስክ ተሰክቶ በተነሣ ጊዜ ስሙ ተዛውሮ ሥርዓቱ የማይፈልገውን ሊያገኝ ይችላል፤ ዩዩአይዲ በተባለው ቋሚ መለያ ሲመዘገቡ ግን ይህ ስጋት የለም። የመጠባበቂያው ዲስክ ሲነቀልም ሰርቨሩ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጠብቆት ሲያጣው ወደ ጥገና ሁኔታ ገብቶ ሰው በኪቦርድ እስኪያናግረው ይቀመጣል። ኖፌይል የምትባለው ቃል በመስመሩ ላይ ብትጨመር ያለ እርሱ ይነሣ ነበር። ሰርቨሩ ሞጣ ወይም ቢቸና፣ ባለሙያው ደብረ ማርቆስ ሲሆን የዚህች ቃል አለመጻፍ የአንድ ቀን አገልግሎት ያስከፍላል።

የኢንተርኔት መቋረጥም በክፍፍሉ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ሊኑክስ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን የሚያመጣው ከኔትወርክ ላይ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ማከል ይቸግራል። መፍትሔው ኔትወርክ ባለበት ጊዜ የሚያስፈልጉ ጥቅሎችን በሰርቨሩ ላይ ማከማቸት ነው፤ ክምችቱ በየጊዜው ስለሚያድግ የራሱ ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ መልሰን ወደ ጎተራው እንገባለን። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ናት፤ የተበላሸ ዲስክ ምትክ የሚመጣው ደግሞ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ነው። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ የሚያደርገው ሬይድ 1 ያን ጊዜ ለማለፍ ያስችላል፤ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘውን ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሰርዝ መጠባበቂያ ቅጂ ነው ሊባል አይችልም።

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ስላላቸው ሊኑክስን በዚያው ሰርቨር ላይ በሌላ ፓርቲሽን እንጫነው የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። በዲስክ ላይ ሁለት ሥርዓተ ክወና ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ለሰርቨር አይጠቅምም። የሚያዋጣው ማሽኑን ራሱን በሶፍትዌር እንደ ብዙ ማሽኖች መከፋፈል ነው። አይቢኤም በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370ን ካወጣ ጀምሮ የሚታወቅ አሠራር ሲሆን፣ ዛሬ ይህን የሚያደርገው ኬቪኤም ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ይገኛል፤ በዊንዶውስ ሰርቨር በኩልም ሃይፐር-ቪ አለ። ለሊኑክሱ የሚሰጠው ዲስክ በዚህ ጊዜ በሌላ ዲስክ ላይ ያለ ትልቅ ፋይል ወይም የኤልቪኤም ክፍል ይሆናል፤ በውስጡ ስለሚደረገው ክፍፍል ከላይ ያልኩት ሁሉ እንዳለ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ለትንሽ ቢሮ ይበዛል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ በከፊል እውነት አላቸው። አምስት ሠራተኞች ሰነድ ለሚለዋወጡበት ሰርቨር ሥርዓቱንና መረጃውን መለየት ብቻ ይበቃል፤ ያለ ልክ መከፋፈልም አንዱ ክፍል ባዶ ሆኖ ሌላው እንዲታፈን ያደርጋል። የእኔ ክርክር ስለ ክፍሎቹ ብዛት አይደለም። ሁለትም ይሁን ስምንት፣ የትኛው ክፍል ለምን እንደተለየ፣ ስንት እንደተሰጠውና ስንት እንደተረፈ ከጫኚው ባለሙያ ጭንቅላት ወጥቶ ወረቀት ላይ ይስፈር ነው የምለው፤ ባለሙያ ሥራ ይቀይራል፣ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፣ ሰርቨሩ ግን እዚያው ይቀራል።

ወረቀቱን ማዘጋጀት አድካሚ አይደለም። ኤስኤፍዲስክ የተባለው ትእዛዝ የፓርቲሽን ሠንጠረዡን በተራ ጽሑፍ ያወጣል፤ ያው ጽሑፍ ተመልሶ ሲሰጠው በምትክ ዲስክ ላይ ያንኑ ክፍፍል ይሠራል። ኤልቪኤምም የአደረጃጀቱን መግለጫ በጽሑፍ ያስቀምጣል። እነዚህን ከኤፍስታብ ጋር አትሞ በንብረት መዝገቡ ላይ ማያያዝ፣ አንድ ቅጂም ከሰርቨሩ ውጭ በፍላሽ ማስቀመጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ የግዥ ክፍሎች በሰርቨር ጨረታ ሰነዳቸው ላይ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም የሚጽፉትን ያህል የክፍፍል ዕቅድ እንዲቀርብ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ የርክክብ ኮሚቴዎችም ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን ከዲኤፍ ውጤት ጋር በዓይናቸው ቢያመሳክሩ፣ ሰርቨሩን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያለ ሰው እርዳታ መነሣቱን ቢያዩ እጠይቃለሁ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተማሪዎቻቸውን የሚፈትኑት ሊኑክስ መጫን በመቻላቸው ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ የሞላ የሎግ ክፍል ሰጥተው አገልግሎቱን ሳያቋርጡ እንዲያሰፉ ቢጠይቋቸው መልካም ነው። ጋዜጣችሁም በጉዳዩ ላይ ተከታይ ጽሑፍ የሚያወጣ ከሆነ፣ ጸሐፊው ከፈቃድ ክፍያው ቀጥሎ ይህን የርክክብ ጉዳይ እንዲያነሣው በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሰርቨር ተከላና ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ